የማያምር ካሜራ ስጡኝ

ሰው የለመናችሁትን ትቶ ከለመናችሁት የተሻለ ሲሰጣችሁ ምን ትላላችሁ? «እግዜር ይስጥልኝ» ነዋ። እኔም ድሮ እንደዚያ ነበር የምለው። ዘንድሮ ግን በቃኝ። ዘንድሮ «ለአንተማ የተሻለውን ነው ያመጣሁት» የሚለኝ ሰው ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል። ባለቤቴ «ሂድና ግፊትህን ተለካ» ትለኛለች። ምን ያስለካኛል? ምክንያቱን አውቀዋለሁ።

ነገሩ የካሜራ ነገር ነው። ካሜራ ስል ሠርግ የሚያነሡበትን አታስቡ። ኮምፒዩተር ላይ በገመድ የሚሰካውን፣ አውራ ጣት የሚያክለውን፣ ዩኤስቢ ካሜራ ነው የምላችሁ። እኔ ፍኖተ ሰላም ላይ ቴሌቪዥን እጠግናለሁ፤ እንጀራዬ እሱ ነው። ከሥራ ስወጣ ደግሞ ለደስታዬ ሽቦ እቀጥላለሁ። ሰው ኳስ ያያል፣ እኔ ሽቦ እቀጥላለሁ፤ ምን ይደረግ? አንድ ጊዜ ሲመሽ በራሱ የሚዘጋ የዶሮ ቤት በር ሠርቼ ነበር። ለካ ደመና ሲሆንም መሸ ብሎ ይዘጋል። ዶሮዎቹ ክረምቱን ዝናብ ላይ ቆመው በሩን ሲያዩ ከረሙ። ባለቤቴ ይህን ቤታችን ለመጣ እንግዳ ሁሉ ታወራለች።

የካሜራው ጉዳይ ግን ጨዋታ አልነበረም። የአጎቴ ስም ነበር የተያዘው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የእሳቸው ግን ባለቤቱ በቁሙ እያለ ሊቀበር ነበር።

አጎቴ መሪጌታ ይትባረክ ከቡሬ ወደ ሽንዲ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለ ቀበሌ የቅኔ መምህር ናቸው። አገሩ ሁሉ «የኔታ» ነው የሚላቸው። እሳቸው ሲያልፉ የተቀመጠ ይነሣል፣ የሚያወራ ዝም ይላል፣ ባጃጅ እንኳ ቀስ ይላል። ሌሎቹ ሽማግሌዎች እህላቸውን ሚስቶቻቸው ናቸው ወፍጮ ቤት የሚያደርሱላቸው። መሪጌታ ግን ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ በአህያ ጭነው የሚሄዱት ራሳቸው ናቸው። «ተማሪ ይላኩ» ሲባሉ እሺ አይሉም። እኔ እንደማውቃቸው ዱቄቱ ሰበብ ነው፤ ወሬ ይወዳሉ። ወሬ ደግሞ ከወፍጮ ቤት በላይ የት ይገኛል?

ወፍጮ ቤቱ የእትዬ ውዴ ነው። መብራት ከገባ ወዲህ በሞተር ነው የሚሠራው። ሞተሩንና ወፍጮውን የሚያገናኘው ረጅም ጎማ አለ፣ ቺንጋ የምንለው። አንድ ቀን መሪጌታ በበሩ ሲገቡ ቺንጋው ጧ ብሎ ወለቀ። ይወልቃል፤ ቺንጋ ነው። በሚቀጥለው ሲመጡም ወለቀ። በሌላው ጊዜም። ሌላ ሰው ሲመጣ ደህና ይዞራል፤ መሪጌታ ደጁን ሲረግጡ ጧ። ቺንጋው እስኪመለስ ሰው ተሰልፎ ይጉላላል፤ አንዳንዴም እየተወናጨፈ የሰው ዱቄት ይደፋል። ውሎ ሲያድር የመሪጌታ አህያ ከሩቅ ስትታይ ሴቶቹ ቶሎ አስፈጭተው ለመውጣት መጋፋት ጀመሩ።

«እግረ ደረቅ ናቸው» ተባለ። እግራቸው የገባበት ነገር አይቃናም ማለት ነው።

ማን አለ? ማንም። እኛ አገር እንዲህ ያለውን ነገር ማንም አይለውም፤ ግን ተብሎ ይገኛል። ፊት ለፊት የተናገራቸው አንድ ሰው የለም። እትዬ ውዴ ምን አለቻቸው መሰላችሁ? «የኔታ፣ አንቱ ምን በወጣዎ ይደክማሉ? ተቤትዎ ይቀመጡ፤ እኛ አስፈጭተን እንልክልዎታለን።» እዩልኝ፣ ክፋት ማር ተቀብቶ ሲቀርብ። ዕድሜ ልካቸውን ሰሙን ገፍፈው ወርቁን ሲያወጡ ለኖሩ ሰው እንዲህ ይባላል? ይኼ ያመልጣቸዋል? «ደግ ብለሻል፣ ልጄ» አሉና አህያቸውን መልሰው ሄዱ።

ከዚያ ነገሩ ከወፍጮ ቤት ወጣ። አንድ ጎረቤታቸው አዲስ ባጃጅ ገዛ። ድሮ ቢሆን ቀድመው የሚመርቁለት እሳቸው ነበሩ። ሰውየው ግን በመሪጌታ ደጅ ላለማለፍ ባጃጁን በታረሰ ማሳ አዙሮ ነዳ። ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ በበሬ ተጎትቶ ወጣ። ይኼም የእሳቸው እግር ነው ተባለ። በደጃቸው አልፎ ቢሆን እኮ ደረቅ መንገድ ነበር። ይህንን የሚያስብ ጭንቅላት የት ይገኛል?

እሳቸውም ነገሩ ገባቸው። ለዘር የሚወጣ ገበሬ ጠዋት እንዳያገኛቸው ብለው ረፋድ ላይ ብቻ መውጣት ጀመሩ። ቀጥሎ ረፋዱንም ተዉት። ልጠይቃቸው የሄድኩ ጊዜ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። «ልጄ፣ እውነት ይሆን እንዴ?» አሉኝ።

የተናደድኩት ያን ጊዜ ነው። ስንቱን ሊቅ ያስተማሩ ሰው በገዛ እግራቸው እንዲጠራጠሩ የሚያደርግ ምን ዓይነት ጎረቤት ነው? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል፤ እዚህ ደግሞ ሞተሩን ፈርቶ መሪጌታን ሆነ። ቺንጋው የሚወልቅበትን ምክንያት በዓይናቸው ሳላሳያቸው እንቅልፍ የለኝም አልኩ።

ማለት ቀላል ነው። ቺንጋ ሲወልቅ አይታይም እኮ። ዓይናችሁን ስታርገበግቡ አልቋል። አንድ ቀን አጎቴን አባብዬ ወፍጮ ቤት ይዣቸው ሄድኩና ሲወልቅ በስልኬ ቀረጽኩት። አንዱ ምስል ላይ ቺንጋው በቦታው አለ፤ ቀጣዩ ላይ መሬት ወድቋል። መሐሉ የለም። የአጎቴ ንጽሕና ያለው ደግሞ መሐሉ ላይ ነው። «ስልክ ቀስ አድርጎ የሚቀርጽበት የለውም እንዴ?» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ይህንን ያላለኝ ሰው የለም። አለው። ግን ወፍጮ ቤት ጨለማ ነው፤ በጨለማ የሚቀርጸው ጥላ ብቻ ነው። ደግሞስ ቀኑን ሙሉ ስልኬን ደቅኜ ልዋል? እኔ ያሰብኩት ካሜራውን ከትንሽዬ ኮምፒዩተር ጋር ላገናኘው ነው፤ ዝም ብሎ እያየ፣ ያረጀውን እየጣለ ይውላል። ቺንጋው ሲወልቅ ብቻ የመጨረሻዋን ቅጽበት ያስቀምጥልኛል።

ለዚህ የሚያስፈልገኝ በሰከንድ ከመቶ በላይ ምስል የሚያነሣ ካሜራ ነው። ምስሉ ትንሽ ቢሆን ግድ የለኝም። ቀለም ባይኖረው ግድ የለኝም። የማየው ቺንጋ ነው፤ ሙሽራ አይደለም። እንዲያውም ትንሽ ሲሆን ነው የሚሻለው። ምስሉ ወደ ኮምፒዩተር የሚገባው በዚያች ቀጭን ገመድ ነው። ጭነት የተሸከመ አህያና ባዶ እጁን ያለ ሰው በአንድ በር እኩል ይገባሉ? ትልልቅ ምስል በሰከንድ ጥቂት ብቻ ያልፋል፤ ትንንሹ ይጎርፋል። ይኼው ነው ምስጢሩ።

አዲስ አበባ ላለው ታናሽ ወንድሜ ለሙላት ደወልኩ። «ትንሽ ምስል፣ ብዙ ፍጥነት፤ መልክ አልፈልግም» አልኩት። ደገምኩለት። «እሺ ጋሼ» አለ። ዕቃው በአውቶቡስ መጣ። ሳጥኑ ራሱ የወርቅ ቀለም ነው። ሲከፈት ፎር ኬ የሚባለው ካሜራ ከነመቆሚያው፣ ከነመሸፈኛው ቁጭ ብሏል። የዝንብ ፀጉር ያሳያል። በሰከንድ ግን ሠላሳ ምስል ብቻ። ቺንጋው ጉም መስሎ ታየኝ። ደወልኩለት። «ጋሼ፣ ያልከኝንማ አግኝቼው ነበር» አለኝ። «ሽፋን እንኳ የለውም፤ የተሰበረ ነገር ነው የሚመስለው። ለታላቅ ወንድሜ እንደዚያ ያለ ልኬ ሰው ምን ይለኛል?»

ምን አልኩት? «እግዜር ይስጥልኝ»። ሌላ ምን ይባላል? ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም።

ቀጥሎ ቡሬ ከድር ዘንድ ሄድኩ። ከድር መናኸሪያው አጠገብ የኤሌክትሪክ ዕቃ ይነግዳል፤ ሱቁን ከአባቱ ነው የወረሰው። እምነቱ የጠና፣ ሚዛኑ የቀና ሰው ነው። አንዱን ካሜራ አውጥቶ አሳየኝ፤ ሳጥኑ ላይ መቶ ሃያ የሚል ቁጥር በትልቁ ተጽፎበታል። እዚያው መስኮቱ ሥር ሞከርነው፤ በረረ። ደስ ብሎኝ ወፍጮ ቤት ይዤው ሄድኩ። እዚያ ሲደርስ ደከመ። ለካ ጨለማ ሲሆንበት ካሜራው በራሱ ዓይኑን ረዘም አድርጎ ይከፍታል፤ ረዘም ሲያደርግ ደግሞ የምስሉ ቁጥር ይቀንሳል። «ተው፣ እኔ ላስተካክል» ብትሉት እሺ አይልም፤ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነው። በዚያ ላይ ምስሉን ከላይ ወደ ታች መሥመር በመሥመር ነው የሚያነበው። ታችኛው መሥመር ላይ እስኪደርስ ቺንጋው ሄዷል። ቀጥ ያለው ቺንጋ እንደ ማጭድ ተቆልምሞ ታየኝ። ይኼን ለሰው ባሳይ፣ መሪጌታ ሲገቡ ጎማውም ይጣመማል ሊባል ነው።

ተመለስኩና ለከድር አስረዳሁት። ምስሉን ባንዴ ጠቅላላውን የሚያነሣውን፣ ግሎባል ሸተር የሚሉትን፣ የብርሃኑንም ነገር ለእኔ የሚተውልኝን ስጠኝ አልኩት። ከድር መሬት መሬት አየ። ነበረው። መጀመሪያ ስመጣም ነበረው። ጠረጴዛው ሥር፣ ማንም እንዳያየው ጨርቅ አልብሶ አስቀምጦታል።

«ጋሼ፣ እሱ እኮ ጥቁርና ነጭ ነው። አጥንቱ ብቻ ነው ያለው። እርስዎን በመሰለ ሰው እጅ ወላሂ አላስይዘውም።»

«ከድር፣ የምፈልገው እሱን ነው።»

«ይቅርብኝ ጋሼ። ነገ የእኔን ስም ነው የሚያነሡት።» ይልቅ ይሻላል ብሎ ዙሪያውን መብራት ያለው፣ ልጃገረዶች ፊታቸውን የሚቀርጹበትን ካሜራ ዘረጋልኝ።

እስኪ እናንተ ፍረዱ። ገንዘቤን ይዤ፣ ዕቃው እዚያው እያለ፣ ስለተከበርኩ ብቻ ባዶ እጄን ወጣሁ። መናኸሪያ ቆሜ ሚኒባስ እስኪሞላ ለብቻዬ ስሳደብ ረዳቱ «ጋሼ፣ ደህና ነዎት?» አለኝ። ከፊት ወንበር ላይ የተቀመጠ ወጣት አስነሥቶ አስቀመጠኝ። ይኼንንም ክብር ተቀበልኩ።

መንገድ ላይ ዘዴ መጣልኝ። በሳምንቱ ቡሬ ተመለስኩና ፊቴን ቋጥሬ ገባሁ። «ከድር፣ የተጣላሁት ሰው አለ» አልኩት። «ሽማግሌዎች ካሜራ ካስ ብለው ፈርደውብኛል። ካሜራ አሉ እንጂ ምን ዓይነት አላሉም። እስኪ ካለህ ሁሉ የማያምረውን ስጠኝ።»

የከድር ፊት በራ። «ምን አድርጎዎት ነው?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የዘመዴን ስም አጠፋ» አልኩት። ከዚህ በኋላ ከድርን የሚያቆመው ጠፋ። ጠረጴዛው ሥር ገባ፤ ሁለት አወጣና ጠርዙ የተፋፋቀውን መረጠልኝ። አቧራውን ልጠርገው ስል እጄን ያዘኝ። «ይተዉት ጋሼ፣ እንደዚሁ ይድረሰው።» ከወር በላይ የለፋሁበትን ካሜራ በጥላቻ ስም ባንድ አፍታ አገኘሁ።

ቀሪው የእኔ ሥራ ነው፤ እሱን አልፈራም። ካሜራውን ከዱቄት በላስቲክ ሸፈንኩት። መብራቱን በባትሪ አደረግሁት። የመስመር መብራት ለዓይን ቋሚ ይምሰል እንጂ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ፈጣን ካሜራ ደግሞ ድርግሙን ነው የሚለቅመው። ሁሉ ነገር ተዘጋጀ። የቀረው መሪጌታ ነበሩ።

«ልጄ፣ ዳግመኛ አታዋርደኝ» አሉኝ። ለመንኳቸው። እምቢ አሉ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። በመጨረሻ አህያቸውን ጫኑ።  ወፍጮ ቤቱ ደጅ ስንደርስ ሴቶቹ ተንሾካሾኩ፤ አንዷ ዱቄቷን በነጠላዋ ከለለች። መሪጌታ ገቡ። ጧ። ቺንጋ ወልቆ ደስ ያለው ሰው በአገሩ እኔ ብቻ ነበርኩ። እሳቸው አንገታቸውን ደፉ።

ኮምፒዩተሬን ደጅ ላይ ከፍቼ ሰውን ሰበሰብኩ። ቀስ እያደረግሁ አሳየኋቸው። መሪጌታ በር ላይ ይታያሉ፤ ቺንጋው ይርገበገባል፤ ይወልቃል።

«ይኸው» አለች እትዬ ውዴ፤ «ተገቡ ይወልቃል ስንል ነበር እኮ። ማሽኑም መሰከረ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ጭንቅላቴን ያዝኩ። እንደገና ከፈትኩና በጣቴ ዓለምነው ላይ ጠቆምኩ። ዓለምነው ወፍጮውን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ነው፤ የልጆች አባት፣ ጨዋ፣ ወፍራም። «በሩን ተዉት፤ የዓለምነውን መቀመጫ እዩ» አልኳቸው። ዓለምነው የሚቀመጠው ሞተሩ በታሰረበት ግንድ ጫፍ ላይ ነው። የግንዱ ቡሎን ከተሰበረ ቆይቷል፤ ሞተሩን ይዞት የኖረው የዓለምነው ክብደት ነው። መሪጌታ በር ላይ ይታያሉ። ዓለምነው ፎጣውን ከትከሻው አውርዶ ብድግ ይላል። ግንዱ ይነሣል፤ ሞተሩ ወደ ወፍጮው ያዘምማል፤ ቺንጋው ይላላል። ያኔ ነው የሚወልቀው። ለሌላው ሰው ዓለምነው ከመቀመጫው አይነሣም። ወደዚያ ቤት በእግሩ የሚመጣ የሚነሡለት ሽማግሌ እሳቸው ብቻ ናቸው።

 ዓለምነው ምስሉን ደጋግሞ አየው። «አክብሬ ነው እኮ» አለ፤ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። እትዬ ውዴ ሄዳ የመሪጌታን ጉልበት ሳመች። ሴቶቹም ተከተሏት። ባለ ባጃጁ ሳይቀር መጥቶ ይመረቅልኝ አለ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ንዴቴ ጠፋ። ሰው ሲገባው ደስ ይላል።

ለእትዬ ውዴ መፍትሔውን ነገርኳት። ግንዱን በአዲስ ቡሎን እሰሩ፣ እግሩን በሲሚንቶ ያዙ፣ አለቀ። «እሺ» አለች። ሲሚንቶው እስኪደርቅ ግን ወፍጮው ሥራ ሊያቆም ነው። አሰበች፣ አሰበችና ከዚያ የቀለለ አገኘች።

በሳምንቱ መሪጌታ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ አህያቸውን ጭነው፣ ጠዋት በማለዳ ወጡ። በማለዳ! እኔም የደስ ደስ አብሬያቸው ሄድኩ። ወፍጮው ሲዞር ከሩቅ ይሰማል። መሪጌታ ገቡ። ቺንጋው ደህና ነው። ዓለምነው ግንዱን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዞ ተቀምጧል፤ አንገቱን ደፍቷል፤ ላቡ ይንጠባጠባል። «የኔታ፣ አልነሣም፤ ተከልክያለሁ» አለ።

ሌላውስ ሰው? ጆንያ ላይ የተቀመጠውም፣ ደረጃው ላይ ያለውም፣ ግድግዳ የተደገፈውም ከቦታው ንቅንቅ አላለም። የማን መቀመጫ ምኑን እንደያዘ ማን ያውቃል? እትዬ ውዴም ካለችበት ሆና «አንቱ ይግቡ፣ የኔታ፤ እኛማ አንነሣም፤ ለእርስዎው ስም ብለን ነው» አለች።

መሪጌታ በሩ ላይ ጥቂት ቆሙ። የተቀመጠውን ሁሉ በየተራ አዩት። እህላቸው ተፈጨ፤ አመስግነው ወጡ። አህያዋን እየነዳን ብዙ መንገድ ሄድን። እኔ በውስጤ ከሙላትም ከከድርም ከእትዬ ውዴም ጋር እየተጣላሁ ነው። ሽንዲ መንገድ ላይ ስንወጣ ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ እግረ ደረቅ አለመሆኔን አሳየህልኝ፤ እግዜር ይስጥህ» አሉኝ። «ግን እግረ ደረቅ ሳለሁ ይነሡልኝ ነበር።»